የአንድ እሑድ ማለዳ ሩጫና የአራት ወር ዝግጅት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ጠመንጃ ያዥ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ የሚያስታውሰው የጦር አገልግሎትን ነው፤ ከከተማይቱ ቀደምት ሰፈሮች ብዙዎቹ በመኳንንትና በቤተ መንግሥት የሥራ ክፍሎች ስም መጠራታቸው የታወቀ ነውና። የኢትዮጵያን ስም በማራቶን ለዓለም ያሰሙት አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ዛሬ ግን በኅዳር እሑድ ማለዳ ከጠመንጃ ያዥ ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያቀናው ሯጭ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ መምህር፣ ነጋዴ ወይም ተማሪ ሊሆን ይችላል። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ሰው ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሣሽነት ሲጀመር 10,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር። መነሻው መስቀል አደባባይ፣ ርቀቱም 10 ኪሎ ሜትር ነበር። ኃይሌ በዚያው ዕለት ከሕዝቡ ጋር ተሰልፎ በወንዶች አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተሳታፊው ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጓል፤ ከመሥሪያ ቤትና ከሙያ ማኅበር በቡድን ተመዝግቦ መሮጥም የተለመደ ሆኗል።

ይህ ልማድ የሚመሰገን ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። ስም የሚመዘገበው ቀደም ብሎ ነው፤ ልምምዱ የሚታሰበው ግን ካናቴራው በእጅ ከገባ በኋላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከወንበር ያልተነሣ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሯጭ ለመሆን ይጣጣራል። ውጤቱም ያበጠ ጉልበት፣ የተጎዳ ጅማት፣ አልፎ አልፎም ከዚህ የከፋ አደጋ ይሆናል።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልብና ሳንባ ከልምምድ ጋር ቶሎ ይላመዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጀማሪው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ ሲሻለው እግሩም የበረታ ይመስለዋል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚሁ ጊዜ ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ በሩብ ያህል ያንሳል። ኃይሌ በ1995 ዓ.ም. በዶሃ ጎዳና 10 ኪሎ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሮጧል፤ ደሪባ መርጋ በ1999 ዓ.ም. ታላቁን ሩጫ ሲያሸንፍ የፈጀበት 28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነበር። ሯጮቹ ሁለት ስለሆኑ ንጽጽሩ ፍጹም ባይሆንም፣ ከፍታውና ዳገቱ ለታላላቆቹም እንደማይራራ ያሳያል።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ነበር። ይህን ሰምቶ ያለ ዝግጅትም ይቻላል የሚል ሰው ቢኖር ታሪኩን ገልብጦ አንብቦታል። አበበን ለዚያ ያበቃው በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን መሪነት ለዓመታት ያካበተው ጉልበት ነው።

እንግዲህ የኅዳሩ ሯጭ ልምምዱን ከሐምሌ መጨረሻ መጀመር ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃዋል። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ ይራመድ፤ ከዚያም የሩጫውን ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር። ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም ያለ መንገድ ይሂድ፤ በማግሥቱ ይረፍ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

የሚሮጥበትን ቦታ ማግኘትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በክረምት ማለዳ የሰፈር ውስጥ መንገድ ያዳልጣል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ትንሽ ቆይቶም ዋናውን ጎዳና ታክሲው ይሞላዋል። በዚህ ረገድ በ2011 ዓ.ም. በኅዳር መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው እንቅስቃሴ መልካም ትምህርት ሰጥቷል፤ ዋና ጎዳና ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሲሆን አረጋዊውም ሕፃኑም በእግሩ እንደሚወጣ ታይቷልና።

በውድድሩ ዕለት አዲስ ነገር መሞከር አይገባም። አዲስ ጫማ ያቆስላል፤ ያልተለመደ ቁርስ ሆድ ያውካል። ለ10 ኪሎ ሜትር የተለየ የምግብ ክምችት አያስፈልግም፤ በዋዜማው የተለመደው እራት፣ ጧት ደግሞ ቀደም ብሎ የሚወሰድ ጥቂት በሶ ወይም ዳቦ ይበቃል። ውሃ በጥማት ልክ ይጠጣል፤ ከመጠን በላይ መጠጣትም ይጎዳል። ከሁሉ ይበልጥ ግን የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጥንቃቄ ይሻል። ሙዚቃው፣ ጭፈራውና የሕዝቡ ግፊት እግርን ሳያስቡት ያፈጥናሉ፤ በዚያ የባከነው ጉልበት በኋለኛው ዳገት ላይ አይገኝም። ከባልደረባው ጋር ሁለት ሦስት ቃል መነጋገር ያልቻለ ጀማሪ ከዐቅሙ በላይ እየሮጠ ነው። ደረቱን የወጋው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ወዲያው ማቆም አለበት፤ ለዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

አዘጋጆችም የበኩላቸው ኃላፊነት አለባቸው። የጎዳና ውድድር ርቀት የሚለካው መቁጠሪያ በተገጠመለት ብስክሌት፣ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭር መሥመር ነው፤ እንዳያጥርም በ10 ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሜትር ይታከላል። ክፍት ጉድጓድ መሸፈን፣ የአምቡላንስ መውጫ መጠበቅ፣ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ለይቶ ማስነሣት የግድ ነው። ውሃው የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ማለቅ የለበትም፤ ዘግይቶ የሚመጣው በፀሐይ ብዙ የቆየው ነውና።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ ለአፈጻጸም ቀላል ነው። የሩጫ ቡድን የሚያቋቁም ማኅበር ሁሉ በኅዳር ካናቴራ ከማደሉ በፊት በሐምሌ የአባላቱን ስም ይያዝ፤ በየሰፈራቸው አቀራርቦ በሳምንት አንድ ማለዳ አብረው እንዲራመዱ ያድርግ። በጠመንጃ ያዥ የሚኖሩ ሦስት ባልደረቦች በክረምቱ ጭቃ አብረው ከጀመሩ፣ አንዱ ሲሰንፍ ሁለቱ በር ያንኳኩለታል። በኅዳሩም እሑድ ሦስቱም በደኅና ሮጠው፣ በእግራቸው ወደ ሰፈራቸው ይመለሳሉ፤ ሰኞም ከሥራ ገበታቸው አይቀሩም።