ስለ ዳሌያችን እንነጋገር
(በቦምቤ በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«የሂሳብ ሠራተኞች ስለ ሰውነት ለመናገር ምን አገባቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባን የምንይዘው የስም መቆጣጠሪያ ነው። ከወለዱ በኋላ ከስብሰባ የሚቀሩ፣ ቁጠባቸውን በሰው እጅ የሚልኩ እህቶች አሉን። ለምን ስንል «ወገቤን ያመኛል» ይሉናል። ከወገብ በታች ያለውን በስሙ መጥራት ስለምናፍር ሁሉንም ወገብ እንለዋለን።

ዳሌ የአጥንት ቀለበት ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትላልቅ አጥንቶች ከፊት ይገናኛሉ፤ ከኋላ ከጀርባ አጥንት የታችኛው ክፍል ጋር ይያያዛሉ። እያንዳንዳቸው በልጅነት ሦስት አጥንት ነበሩ፤ በጉርምስና ይገጥማሉ። የልጅቷ ቁመት ካቆመ በኋላም ዳሌዋ ገና ያድጋል። ስለዚህ ቁመቷን አይቶ «ደርሳለች» ብሎ መዳር ትልቅ ጉዳት ያመጣል፤ ሕጉም ቢሆን 18 ዓመት ይላል።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከመሰከሩት አጥንቶች አንዱ የዳሌዋ ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የሆድ ዕቃ ሁሉ ወደ ታች ይጫናል። ይህን ሸክም የሚይዘው ከቀለበቱ ሥር እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረው ጡንቻ ነው። ፊኛችን፣ ማህፀናችንና ፊንጢጣችን እሱ ላይ ያርፋሉ። በወሊድ ጊዜ ይለጠጣል፤ ሳያገግም የዝንጅብል ጆንያ ወይም 25 ሊትር ጀሪካን ከተሸከምንበት ይረግባል። ስናስል ሽንት ያመልጠናል፤ ሲብስ ማህፀን ወደ ታች ይወርዳል። አራስን ከሸክም ማሳረፍ ማሞላቀቅ አይደለም፣ ባሎችም ይስሙ።

ጡንቻው ይጠነክራል። ሽንት እንደምንይዝ አድርገን አምስት ሴኮንድ ያህል ጨብጠን መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። እንሰት እየፋቅንም ይቻላል፤ ማንም አያየንም! ማህፀን ለወረደባት ደግሞ ሐኪም ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበት ያስገባል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደርጋል።

ፊስቱላ ከዚህ ይለያል። ምጥ ሲጠና የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ለረጅም ሰዓት ይጫነዋል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል። እርግማን አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። ምጥ ሲረዝም ቤት ሳይቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያድናል። የደረሰባትም ትታከማለች፤ የሐምሊን ፊስቱላ ሕክምና በሲዳማ ይርጋለም ማዕከል አለው፣ ሕክምናውም በነፃ ነው።

መቀመጫን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በመቀመጫ ውስጥ እንደ ጣት የወፈረ የእግር ነርቭ ያልፋል፤ መርፌ ከነካው እግር ሊያሰንፍ ይችላል። መቀመጫው በሐሳብ አራት ቦታ ተከፍሎ መርፌው ላይኛውና ውጪኛው ሩብ ላይ ይወጋል። ለጨቅላ ሕፃን ጭን ይሻላል። መድኃኒት ቤት ወይም ክሊኒክ ስትሄዱ «የት ሊወጉኝ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ሂሳባችን እንምጣ። ለታመመ አባል የምናዋጣው ሳጥን አለን። ይርጋለም ነፃ ነው ብንልም መንገዱ ነፃ አይደለም፤ አስታማሚዋም ትበላለች። ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። ለዚህ ሕክምና የምትሄድ አባል የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከሳጥኑ ይሰጣት፤ በቀረችባቸው ሳምንታትም ቅጣት አይጻፍባት። ሰነድ ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። የጉዞ ትኬቷ ይበቃናል። በመዝገቡ ላይ «ትራንስፖርት» ብለን እንጽፋለን፤ የበሽታውን ስም አንጽፍም። እጃችሁን አውጡና እንቁጠር።