መጽሐፍና ስብከት ሰውን ይለውጣልን?

በደብሩ በዓለ ኢዮቤልዩ የተነገረ ቃል

ስለ ትምህርትና ስለ ምክር በሕዝቡ አፍ ሁለት ምሳሌዎች ይነገራሉ። አንዱ «የተማረ ይግደለኝ» ይላል ፤ የተማረ ሰው ቢቈጣ እንኳ ትምህርቱ እጁን ይይዘዋል ማለቱ ነው። ሁለተኛው «ምከረው ፥ ምከረው ፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ፤ ቃል የማይገባበት ልብ አለ ማለቱ ነው። እናት ልጇን ወደ የኔታ ስትሰድ የፊተኛውን ትናገራለች ፤ ልጁ አድጎ ሲያስቸግራት የኋለኛውን ትናገራለች። ሁለቱ ምሳሌዎች እርስ በርሳቸው ባይስማሙም በአንድ ቤት ሲኖሩ የሚደነቅ ሰው የለም።

ለቤተ ክርስቲያን ግን ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ጸሐፊው በብራና ላይ አጎንብሶ ዓይኑን ያፈዘዘው ፥ ተማሪው አኰፋዳውን ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ እየለመነ ቅኔና ትርጓሜ የተማረው ፥ በየሰንበቱም በዐውደ ምሕረት ስብከት የሚሰበከው ፥ ሰው በቃል ይለወጣል ተብሎ ነው። የማይለወጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ምንድር ነው? የሚለወጥ ከሆነስ 40 ዓመት ሙሉ ሲያስቀድስ የኖረ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ በወሰን ተጣልቶ ሳይታረቅ የሚሞተው ስለ ምንድር ነው?

ይህን ነገር ከመጽሐፈ ነገሥትና ከትንቢተ ኤርምያስ የሚገኘው የአባትና የልጅ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል። ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት ፥ የታሪክ ሊቃውንት እንደሚቈጥሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ዓመት ገደማ ፥ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። ለጸሐፊው ለሳፋንም ሰጠው ፤ ሳፋንም በንጉሡ ፊት አነበበው። ንጉሡ ቃሉን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ። ደንግጦም ዝም ብሎ አልተቀመጠም ፤ የመጽሐፉን ነገር ይጠይቁለት ዘንድ ወደ ነቢይቱ ወደ ሕልዳና መልእክተኞች ላከ ፤ ከዚያም ሕዝቡን ከታናሽ እስከ ታላቅ በቤተ መቅደስ ሰብስቦ መጽሐፉን በጆሯቸው አነበበ።

ኢዮስያስ በመጊዶ ከሞተ በኋላ ልጁ ኢዮአክስ ሦስት ወር ነገሠ ፤ ከእርሱም ቀጥሎ ሌላው ልጁ ኢዮአቄም በ25 ዓመቱ ነገሠ። በዚህም ዘመን ኤርምያስ ቃሉን እያወጣ ባሮክ በክርታስ ጻፈው። ወሩ ዘጠነኛው ወር ነበር ፤ ንጉሡም በብርድ ወራት በሚቀመጥበት ቤት ተቀምጦ በፊቱ በማንደጃ እሳት ይነድ ነበር። ይሁዲ ክርታሱን ያነብለት ጀመር ፤ ሦስት ወይም አራት ዐምድ ባነበበ ቍጥር ንጉሡ ያነበበውን በጸሐፊ ካራ እየቀደደ ወደ እሳት ይጥለው ነበር ፤ እስኪያልቅም ድረስ እንዲሁ አደረገ። ካራውም ጸሐፊ መቃውን የሚቀርጽበት ፥ መጽሐፍ የሚያስጽፈው ካራ ነበር። አባቱ ቃሉን ሰምቶ ልብሱን ቀደደ ፤ ልጁ ቃሉን ሰምቶ መጽሐፉን ቀደደ። ነቢዩም ይህን እንዳንስተው ንጉሡና ባሪያዎቹ ልብሳቸውን እንዳልቀደዱ ለይቶ ጽፎታል።

እዚህ ላይ ዘመኑን መቍጠር ይገባል። ኢዮስያስ የነገሠው 31 ዓመት ነው ፤ መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ የኖረው እንግዲህ 13 ዓመት ያህል ነው። ኢዮአቄም ሲነግሥ 25 ዓመት ከሆነው ፥ አባቱ ልብሱን በቀደደ ጊዜ 12 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ታናሹም ታላቁም በተሰበሰበበት በዚያ ጉባኤ የንጉሥ ልጅ ይታጣል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። መጽሐፍ ሲነበብ ሰምቷል ፤ አባቱም ሲያለቅስ ሳያይ አልቀረም። ይህ ሁሉ ሲሆን ካደገ በኋላ በማንደጃው አጠገብ ያደረገው የታወቀ ነው።

ስለዚህ ለቃሉ ቅርብ መሆን ብቻ አይበቃም። ሆኖም በዚያው ቤት ውስጥ ተቃራኒውም ይታያል። ለኢዮስያስ ያነበበው ጸሐፊው ሳፋን ልጆች ነበሩት። ልጁ አኪቃም ሕዝቡ ኤርምያስን ሊገድለው በተነሣ ጊዜ አዳነው ፤ ባሮክም ክርታሱን ለሕዝቡ ያነበበው በሌላው ልጁ በገማርያ ክፍል ነበር ፤ ገማርያም ንጉሡ መጽሐፉን እንዳያቃጥል ከለመኑት ከሦስቱ አንዱ ነው። የአንባቢው ልጆች መጽሐፍ ጠበቁ ፤ የሰሚው ልጅ አቃጠለ። ምክንያቱን መጽሐፍ አልነገረንም ፤ ፈጠራም መጨመር አይገባም።

ስለ ኢዮስያስ ግን ዜና መዋዕል አንድ ነገር ይጨምራል። በነገሠ በስምንተኛው ዓመት ፥ ገና በ16 ዓመቱ ፥ የአባቱን የዳዊትን አምላክ መፈለግ ጀምሮ ነበር። መጽሐፉ ያገኘው እንግዲህ ለ10 ዓመት ሲፈልግ የኖረን ፥ ቤተ መቅደሱንም በማደስ ላይ ያለን ሰው ነው። እንዲህ ከሆነ መጽሐፉ ምን ጨመረለት የሚል ቢኖር ፥ እጅግ ብዙ ነገር ጨመረለት። ግንብ ያድስ የነበረውን ሰው ራሱን ወደ ማደስ መለሰው።

እንዲህ ያለ ሰሚ በግብጽም ተገኝቷል። እንጦንስ ወላጆቹ የሞቱበት ፥ 18 ወይም 20 ዓመት የሆነው ጐልማሳ ሳለ ፥ ጌታ ባለጸጋውን ያለህን ሽጠህ ለድኾች ስጥ ያለበት ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰማ። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣ ከአባቱ የወረሰውን መሬት ፥ በግብጽ መስፈሪያ 300 አሩራ የሆነውን ፥ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ያን ዕለት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ያንኑ ወንጌል የሰማ ሌላም ሰው ነበረ ፤ ወደ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ። እንጦንስ ደግሞ ፊደል መማር የማይወድ ሰው ነበር ፤ መጽሐፍ ከለወጣቸው ሰዎች ሁሉ ታላቁ የሚያነብ ሳይሆን የሚሰማ መሆኑ ለማንበብ ላልታደለው ምእመን መጽናኛ ነው።

አትናቴዎስ ገድሉን ከጻፈ በኋላ ያ የአንድ ቀን መስማት በመጽሐፍ ሆኖ ባሕር ተሻገረ። በትሪር ከተማ ሁለት የቤተ መንግሥት ሰዎች መጽሐፉን በአንድ የመነኮሳት ጎጆ አግኝተው ሲያነቡ ሹመታቸውን ትተው መነኑ። ይህንንም ነገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ386 ዓ.ም. ጶንጢቅያኖስ የሚባል ሰው በሚላን ለአውግስጢኖስ አወራለት ፤ አውግስጢኖስም በዚያው ቀን በአትክልት ቦታ አልቅሶ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ አነበበና ተመለሰ። ነገር ግን ይህ ሰው በ19 ዓመቱ ጥበብን ለመፈለግ የሚያነሣሣ የሲሴሮን መጽሐፍ አንብቦ ልቡ ተቃጥሎ ነበር ፤ ኑሮው ሳይለወጥ ግን ከ10 ዓመት በላይ አለፈ። የአምብሮስዮስንም ስብከት መስማት የጀመረው የአነጋገሩን ውበት ሊመዝን ነበር።

የአነጋገር ውበት ነገር ቅኔ ቤት ላደጉት ሁሉ የቀረበ ነው። በቍስጥንጥንያ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሲሰብክ ሕዝቡ ያጨበጭብ ነበር ፤ እርሱም ጭብጨባውን ነቅፎ በጸጥታ እንዲያዳምጡ ለመናቸው። ያው ያጨበጨበ ሕዝብ በ399 ዓ.ም. በዓርብ ቀን ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ሮጠ። በማኅሌትም ባለቅኔው ቅኔውን ሲያሰማ ይበል ይባላል ፤ ወርቁ ንስሐ ቢሆንም ሕዝቡ ይዞት የሚሄደው የሰሙን አገባብ ነው። ይህ ለሊቃውንቱ ደስ የማያሰኝ ነገር ነው። ሰሚው ሰባኪውን አመስግኖ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋልና።

የኢትዮጵያው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ ሲጓዝ እንዲህ አላደረገም። አልገባኝም ብሎ ፊልጶስን በሠረገላው አስቀመጠው ፤ ወደ ውኃም በደረሱ ጊዜ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ የጠየቀ ፥ ሠረገላው እንዲቆም ያዘዘውም እርሱ ራሱ ነው። መጽሐፉ ጥያቄ ሰጠው ፤ መምህሩ ፈታለት ፤ ሠረገላውን ማስቆም ግን ለመጽሐፉም ለመምህሩም አልተሰጠም።

ኢዮስያስም ለሌላው ሠረገላ ሊያቆም አልቻለም። ሕዝቡን ቃል ኪዳን አስገባ ፤ ጣዖታቱን አቃጠለ ፤ ከመሳፍንት ዘመን ወዲህ ያልተደረገ ፋሲካ አደረገ። እርሱ በሞተ ጊዜ ግን ሕዝቡ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። መጽሐፉ ንጉሡን ለውጦት ነበር ፤ የንጉሡ ዐዋጅ ግን ሕዝቡን አልለወጠም። በዛሬው በዓል ከታቦቱ በፊት ጧፍ ይዘው የቆሙት ልጆች ያ የንጉሥ ልጅ በነበረበት ዕድሜ ናቸው ፤ ከእነርሱ የትኛው እንደ ገማርያ ፥ የትኛው እንደ ኢዮአቄም እንደሚሆን ከቆሙበት ስፍራ አይታወቅም። ስለዚህ ምንባቡ ካለቀ በኋላ የገባቸውንና ያልገባቸውን የሚጠይቃቸው አንድ ሰው ቢኖር ፥ ረዥም ስብከት ከመጨመር ይልቅ ይሻላል።

ክርታሱ በማንደጃው ውስጥ ካለቀ በኋላ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ለባሮክ ሰጠው። ባሮክም የተቃጠለውን ሁሉ ከነቢዩ አፍ እየሰማ እንደ ገና ጻፈ ፤ በፊተኛው ያልነበረ ብዙ ቃልም ተጨመረበት።