የቤት ውስጥ ፍሳሽ በወረርሽኝ ወቅት፤ ከሲፎኑ እስከ ጉድጓዱ

ለጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎችና ለግቢ ባለቤቶች የተሰጠ ገለጻ



ስለ ኮቪድ-19 መከላከል ሲነገር እጅ መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና አካላዊ ርቀትን መጠበቅ በቅድሚያ ይነሣሉ፤ መነሣትም ይገባቸዋል። በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው ሰዎች ተቀራርበው ሲተነፍሱ፣ ሲናገሩ፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ነውና። ይሁን እንጂ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ «በቤታችሁ ቆዩ» የሚለው ምክር ራሱ ሌላ ጥያቄ አስከትሎ ነበር። ቀድሞ ጠዋትና ማታ ብቻ አገልግሎት ይሰጥ የነበረ መጸዳጃ ቤት ያኔ ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። እጅ በየሰዓቱ፣ ልብስ በየዕለቱ ይታጠብ ነበር፤ ዕቃ ማጠቢያው ዕረፍት አልነበረውም። ያ ሁሉ ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ ግን ለወትሮው ኑሮ ታስቦ የተዘረጋ፣ ብዙ ጊዜም ያረጀ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ በፍሳሽ መስመር ላይ የሚደርስ ብልሽት ከመጥፎ ጠረን አልፎ የጤና ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከእጅ መታጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱ ሲንክና ከሻወሩ ወለል መውረጃ ሥር የታጠፈ ቧንቧ አለ። ባለሙያዎች ሲፎን ይሉታል። የሽንት ቤቱ መቀመጫም ይህንኑ እጥፋት በራሱ አካል ውስጥ ይዞ ይሠራል። ለምን እንደታጠፈ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ቆሻሻ ለመያዝ የተሠራ ይመስላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በእጥፋቱ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ሁልጊዜ እንዲቀር ይደረጋል። ያ ውሃ ክዳን ነው። ከዋናው የፍሳሽ መስመር የሚመጣውን አየር፣ ጠረንና ነፍሳት ወደ ቤት እንዳይገቡ የሚከለክለው እርሱ ብቻ ነው። ውሃው ከደረቀ የአንዱ ቤት መታጠቢያ ክፍል ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶች ሽንት ቤት ጋር በአየር ይገናኛል።

ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። በ1995 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 መጋቢት ወር፣ የሳርስ በሽታ በተስፋፋበት ጊዜ በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች ስብስብ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ተያዙ። ቁጥሩ ከአንድ ሕንፃ በእጅጉ በዝቶ በመታየቱ መርማሪዎች ምክንያቱን ሲያጠኑ ትኩረታቸው ከሰዎች ግንኙነት አልፎ ወደ ቧንቧው ሄደ። ተቅማጥ የያዘው አንድ ሕመምተኛ ወደ ሕንፃው እንግድነት መጥቶ መጸዳጃ ቤቱን ተጠቅሞ ነበር። ነዋሪዎቹ የመታጠቢያ ቤታቸውን ወለል ውሃ ደፍተው ከማጠብ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልን ስለለመዱ የወለሉ ሲፎኖች ደርቀዋል። በሩን ዘግተው የአየር ማውጫውን ማራገቢያ ሲያበሩ ደግሞ ማራገቢያው ከደረቀው መውረጃ የተበከለውን አየር ወደ ክፍሉ ሳበው። ንጽሕናቸውን የጠበቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው በየመውረጃው ውስጥ ሊደፋ ይገባ የነበረ ጥቂት ውሃ ነው። በኮቪድ-19 ወረርሽኝም በቻይና ጓንግዡ ከተማ በአንድ ረጅም ሕንፃ ላይ፣ አንዱ በሌላው ትይዩ ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ ሦስት ቤቶች የሚኖሩ ቤተሰቦች በኮቪድ-19 ተይዘው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎችም የጋራው የፍሳሽ መስመር መንገድ ሳይሆን እንዳልቀረ ጠቁመዋል። ይህ መንገድ ከትንፋሽ ጋር ሲነጻጸር እምብዛም የማያጋጥም ነው። ለመዝጋት የሚጠይቀው ዋጋ ግን እጅግ ትንሽ በመሆኑ ችላ ሊባል አይገባውም።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮችና የክልል ከተሞች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ሻወሩ ሥራ ያቆማል፤ የወለሉ ሲፎንም ይደርቃል። እንግዳ መቀበያው አጠገብ ያለው፣ ማንም የማይገለገልበት ሁለተኛ መጸዳጃ ቤት ካለማ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በበጋ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ መውረጃ ውስጥ አንድ አንድ ሊትር ውሃ መድፋት ያስፈልጋል። ለዚህ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማባከን የለበትም፤ እጅ የታጠቡበት ወይም ልብስ ያለቀለቁበት ውሃ በባልዲ ተጠራቅሞ ይበቃል። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የሚቆይ ከሆነ በሲፎኑ ውሃ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ቢጨመር ውሃው ቶሎ አይተንም። ሽንት ቤትን በባልዲ ማውረድ ሲያስፈልግም ውሃውን በጣሳ እየቆጠቡ ማንጠባጠብ ጥቅም የለውም፤ ቆሻሻው ከእጥፋቱ አልፎ መስመሩ ውስጥ ይቀመጣልና። ስድስት ሊትር ያህል ውሃ በአንድ ጊዜና በኃይል መደፋት አለበት። ክዳን ካለው ክዳኑን ዘግቶ ማውረድ ይመረጣል።

የመዘጋት ችግር ሲነሣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከወጥ ቤት ይጀምራል። የቡና አተላ፣ የወጥ ቅባት፣ የሊጥ እጣቢ፣ ድስት የተፈተገበት አመድና አሸዋ በሲንኩ ይወርዳሉ። ቅባቱ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ አተላውና አሸዋው በላዩ ይጣበቃሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የቧንቧው ወገብ ይጠባል። አተላን ለአትክልት ማዳበሪያ ማዋል፣ ቅባት ያለበትን ድስት ደግሞ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት መጥረግ ብዙ ወጪ ያድናል። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በዚህ ላይ አዲስ ነገር ጨምሮ ነበር። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና እርጥብ መጥረጊያ ሽንት ቤት ውስጥ ይጣሉ ነበር። መጥረጊያው እንደ ሶፍት የሚሟሟ ይመስላል፤ አይሟሟም፤ እንደ ገመድ ይጠላለፋል። እነዚህ ሁሉ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ በከረጢት ታስረው መቀመጥ አለባቸው።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ መለየት ይቻላል። አንድ መውረጃ ብቻ ከዘገየ ችግሩ በዚያው ሲፎን አካባቢ ነው። ሲፎኑ በእጅ የሚፈታ ከሆነ ከሥሩ ባልዲ አድርጎ፣ ጓንት አጥልቆ መፍታት፣ ማጠብና ጎሚኒውን በቦታው መልሶ መግጠም ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ብዙ መውረጃዎች በአንድ ጊዜ ከዘገዩ፣ ወይም ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ በሻወሩ ወለል በኩል የመንቆርቆር ድምፅ ከተሰማ ግን ዋናው መስመር እየተዘጋ ነው። መዘጋት ሳይኖር መጥፎ ጠረን ብቻ የሚሸት ከሆነ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው የደረቀ ሲፎን ነው። ለዚህ ባለሙያ ከመጥራት አንድ ጆግ ውሃ መሞከር ይቀድማል።

ስለ ኬሚካል ጥቂት መባል አለበት። በረኪና በየቤቱ አለ፤ የሽንት ቤት አሲድም በየሱቁ ይሸጣል። ሁለቱ በአንድ መቀመጫ ላይ ከተገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፤ በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሳንባን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። በረኪና አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋርም መቀላቀል የለበትም። ፍሳሽ ወደ ወለል ከፈሰሰ መጀመሪያ ቆሻሻውን አንሥቶ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ አምስት በመቶ ጥንካሬ ያለውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በጥብጦ ማፍሰስና አሥር ደቂቃ ማቆየት ይገባል። በየዕለቱ ለሚነካ ገጽታ፣ ለምሳሌ ለመክፈቻና ለበር እጀታ፣ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ይበቃል። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። መስኮትም ይከፈት።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች አንድ ፍትሐዊ ያልሆነ ነገር አለ። ከአራተኛ ፎቅ የተጣለ መጥረጊያ የሚወጣው ምድር ቤት በሚኖረው ቤተሰብ ወለል ላይ ነው። ያ ቤተሰብ ያላጠፋውን ጥፋት ሲያጸዳ፣ ሲከፍልና ልጆቹን በፍሳሽ ላይ ሲያራምድ ይኖራል፤ ከላይ ያሉት ግን ሽንት ቤታቸው እየወረደላቸው ስለሆነ ችግሩን አያዩትም። ቀጥታ የሚወርደው ዋና ቧንቧና ማንሆሉ የሁሉም ንብረት ናቸው። ወጪውም በነዋሪዎች ማኅበር በኩል ለሁሉም መከፋፈል አለበት። መስመሩ ተዘግቶ ፍሳሽ እየወጣ ከሆነ ደግሞ እስኪከፈት ድረስ የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ውሃ መልቀቅ ማቆም ይኖርባቸዋል።

ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ግቢ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ በተለምዶ ሴፍቲ ታንከር የሚባለው ነው። በአግባቡ የተሠራ ከሆነ ደረቁ ቆሻሻ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከል ያለው ፈሳሽ ወደ መስረጊያው ያልፋል። በውስጡ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ዝቃጩን ስለሚያብላሉ በረኪናን በብዛት ወደ ጉድጓዱ መድፋት ሥራቸውን ያሰናክላል። ዝቃጩ የጉድጓዱን አንድ ሦስተኛ ያህል ሲይዝ መመጠጥ አለበት፤ ይህም እንደ ቤተሰቡ ብዛት በየሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ ቤት በሚውልበት ዘመን ጊዜው ያጥራል። በጉድጓዱ ዙሪያ መሬቱ ሲረጥብ ወይም ሣሩ ያለ ዝናብ ሲለመልም ጉድጓዱ ሞልቷል ማለት ነው። ከጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ግቢ ካለም በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት ሊኖር ይገባል።

ክረምት ሲገባ አንዳንዶች የመምጠጫ መኪና ወጪን ለማዳን በዝናብ ሌሊት የጉድጓዱን ክዳን ከፍተው ፍሳሹን ከጎርፍ ጋር ይለቁታል። ያ ፍሳሽ ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥበውን እናትና በዚያው ውሃ የለማ ጎመን የሚበላውን ሰው ያገኛል። ኮሌራና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎች የሚስፋፉት በዚህ መንገድ ነው፤ በወረርሽኝ ላይ ወረርሽኝ ሲጨመር ደግሞ የሕክምና ተቋማት የሚሸከሙት አይሆንም። በአዲስ አበባ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የመምጠጫ መኪናዎች አሉት፤ የግል ድርጅቶችም ይሠራሉ። ከግል መኪና ጋር ሲዋዋሉ ፍሳሹ ወዴት እንደሚወሰድ መጠየቅ የደንበኛው ድርሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ማንም ሰው ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አይውረድ። በውስጡ ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ጠረን ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የሚቀጣጠለው ሜቴን ይጠራቀሙበታል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ሲበዛ የማሽተትን ኃይል ያደነዝዛል፤ ጠረኑ የጠፋ የሚመስለው ሰው ያኔ በከፋ አደጋ ውስጥ ነው። ሻማ ወይም ክብሪት አውርዶ መፈተንም ፍንዳታ ያስከትላል። በዚህ ዓይነት አደጋ አንድ ሰው ብቻ ሞቶ አያበቃም፤ የወደቀውን ለማውጣት ወንድም ይወርዳል፣ ጎረቤት ይከተላል። ርኅራኄ ነው የሚገድላቸው። ሰው ከወደቀ ሌላ ሰው እንዳይወርድ መከልከል፣ ወዲያውኑ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ያስፈልጋል። ክዳኑም ልጅ በማያነሣው መጠን የከበደና ያልተሰነጠቀ ይሁን።

ባለሙያ ወደ ቤት ሲጠራ ጥንቃቄው የሁለት ወገን ነው። በቤቱ ውስጥ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ካለ አስቀድሞ በስልክ መንገር ግዴታ ነው። ብዙዎች ባለሙያው ይቀራል ወይም ጎረቤት ይሰማል ብለው ይደብቃሉ፤ ያ ሰው ግን ማታ ወደ ልጆቹ የሚመለስ አባወራ ነው። ሊቆይ የሚችል ሥራ ከሆነ ሕመምተኛው እስኪያገግም ቢዘገይ ይሻላል፤ የማይቆይ ከሆነ ሕመምተኛው በሌላ ክፍል ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ ባለሙያው ብቻውን ይሥራ። መሸፈኛ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማና የዓይን መከላከያ ያስፈልጉታል፤ ፍሳሽ ሲረጭ ዓይንና አፍ ቀዳሚዎቹ በሮች ናቸውና። በመስመሩ ውስጥ ቀድሞ አሲድ ወይም በረኪና ተደፍቶ ከነበረም ይነገረው፤ ሳያውቅ ሌላ ኬሚካል ሊጨምርበት ይችላል። እጁን የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና ማቅረብ የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በየቤቱ ደጃፍ ላይ ከበቂ በላይ ተጸይፈዋቸው ኖረዋል።

ሥራው ሲያልቅ የወጣው ቆሻሻ በከረጢት ታስሮ ይወገድ፣ ወለሉ ከላይ በተገለጸው ብጥብጥ ይታጠብ። ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ደግሞ በሁሉም መውረጃዎች ውሃ ተለቆ፣ የተፈታው ሲፎን ሥር ደረቅ ወረቀት ተነጥፎ ለጥቂት ደቂቃ ይታይ፤ ወረቀቱ ከረጠበ መገጣጠሚያው እንደገና ይጠበቅ።