እሳቱ ጠፍቶ ሱሱ ሲቀር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ትምባሆ ጉዳት ብቻ እንድናገር ተጋብዤ ቢሆን ኖሮ ንግግሬ አጭር በሆነ ነበር፤ ጉዳቱን ከመካከላችን የማያውቅ የለምና። የቀረበልኝ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። ይኸውም፣ ለብዙ ዓመታት ሲጃራ ያጨሰ ጎልማሳ ሲጃራውን ትቶ በባትሪ ወደሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ልሻገር ቢለን ምን ብለን እንመልስለት የሚል ነው። መልሱን ከጥናቶች ብቻ ሳይሆን አንድ ሕመምተኛ ካስተማረኝም ጭምር ላቀርበው እወዳለሁ።

ሰውዬው ከሚሌ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል። በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል፤ ጫት በሚቅምበት ቀን ግን ስንት እንዳጨሰ ራሱም አይቆጥረውም። አንድ ቀን ከኪሱ ብዕር የመሰለ ዕቃ አወጣና፣ «ዶክተር፣ እኅቴ ከጅዳ ልካልኝ ነው። ሲጃራውን በዚህ ልተካው ወይስ ይኸም ያው ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ከመመለሴ በፊት አፈርሁ። ለዚህ ሰው አራት ዓመት ሙሉ የሳል መድኃኒት ስጽፍለት ሲጃራ ስለ መተው አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላነጋገርሁትም ነበር። ጥያቄውን ያነሣው ሐኪሙ ሳይሆን ሕመምተኛው ሆነ።

በለንደን ይሠሩ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ራስል እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳስገነዘቡት፣ ሰው የሚያጨሰው ኒኮቲን ፈልጎ ሲሆን የሚገድለው ግን በአብዛኛው ከጭሱ ጋር የሚገባው ዝቃጭ ነው። ሲጃራ በሚሳብበት ጊዜ ጫፉ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ከዚህ ቃጠሎ በሚወጣው ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ጨርሶ ለሚገባ አጫሽ ይህ ንጥቂያ በስሱ አየር ላይ የተጨመረ ሌላ ዕዳ ነው።

ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈለሰፉት ዕቃ ቅጠል አያቃጥልም። ባትሪው ትንሽ ሽቦ ያግላል፤ የጋለው ሽቦ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን የተቀላቀሉበትን ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ይለውጣል። እሳት ስለሌለ ዝቃጩም ሆነ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እጅግ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት፣ ለመተው ከፈለጉ 886 አጫሾች መካከል ይህ ዕቃ ከተሰጣቸው 18 ከመቶ፣ የኒኮቲን ልጣፍ፣ ማስቲካና የመሳሰለው ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 ከመቶ የሚሆኑት ከዓመት በኋላ ከሲጃራ ርቀው ተገኝተዋል።

ይህን ብቻ ተናግሮ መቀመጥ ግን ግማሹን እውነት መደበቅ ይሆናል። በዕቃው አማካይነት ሲጃራን ከተዉት መካከል 80 ከመቶ የሚሆኑት ከዓመት በኋላም ዕቃውን ከእጃቸው አላወጡም፤ እሳቱ ጠፋ፣ ሱሱ ግን ቀረ። ኒኮቲን ለነፍሰ ጡርና አእምሮው ገና በማደግ ላይ ላለ ወጣት አደገኛ ነው። የፈሳሹም ምንጭ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 2,807 ሰዎች በእንፋሎት ሳቢያ በደረሰ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ ሟቾቹ 68 ነበሩ። ዋናው ምክንያት ከሕገ ወጥ ገበያ በተገኘ የካናቢስ ዘይት ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት መሆኑ ተደርሶበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕቃውን ሲጃራ ማስተዉ ዘዴ አድርጎ አይመክርም።

ስለዚህ ለሾፌሩ እንዲህ አልሁት፦ «ጋሼ፣ ያው አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም። ሲጃራውን ጨርሰው ከጣሉ ጉዳቱ ይቀንስልዎታል። ሁለቱን ካጣመሩ ግን ራስዎን አታለሉ ማለት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ከሁለቱም መገላገል ነው።»

ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ የፈራሁት ደርሶ አገኘሁት። በመንገድ ላይ ዕቃውን፣ በበርጫ ላይ ሲጃራውን ይዟል። በቀን ወደ አምስት ሲጃራ በመውረዱ ደስ ብሎታል። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን ትንተና አስታወስሁ፤ በቀን አንድ ሲጃራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በቀን ሃያ የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያም ሲጃራውን ፈጽሞ ለመተው ቆረጠ።

ለጥቂት ሳምንታት በቃሉ ጸና። በሦስተኛው ጉብኝቱ ግን አንገቱን ደፍቶ ገባ። «ዶክተር፣ ፈሳሹ አለቀ። እኅቴም ቶሎ አልላከችልኝም። ሲጃራ የሚሸጠው ሱቅ ግን ከበሬ ላይ ነው» አለኝ። እኔም የምሰጠው አንዳች ነገር በእጄ አልነበረኝም።

ባልደረቦቼ፣ የአገራችን ችግር በዚህ አንድ ንግግር ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ ሲጃራን በነጠላ መቸርቸርን፣ እንዲሁም ኤሌክትሮኒክ ሲጃራንና ሺሻን መሸጥን ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙት ጎልማሶቻችን 5 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ ይህን በጎ ዕድል ለመጠበቅና ልጆቻችንን ከአዲስ ሱስ ለመከላከል ሲባል የወጣውን ክልከላ በበኩሌ እደግፋለሁ። ነገር ግን ሲጃራ ራሱ የተፈቀደ ሸቀጥ ሆኖ ቀርቷል። ለነባሩ አጫሽ አንዱን መውጫ ስንዘጋ ሌላውን መክፈት የእኛ ፋንታ ነበር፤ አልከፈትንም።

ክልከላ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ታሪካችን ይመሰክራል። እዚሁ አጠገባችን በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የመሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመናቸው ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ትምባሆው ግን ዘመናቸውን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ዛሬ በዚያው ሜዳ ላይ በሚገኘው ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይታከማል፤ ማጨስም ለሳንባ ነቀርሳ በር ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱ ነው።

እንግዲህ ሌላው መውጫ የቱ ነው? የኒኮቲን ልጣፍና ማስቲካ እ.ኤ.አ. ከ2009፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ በየጤና ተቋማችን እንዲቀርቡ ማኅበራችን አጥብቆ መጠየቅ ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ማንኛውንም ሕመምተኛ ያጨሳሉ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ የሚተውበትን ቀን አብሮ መቁረጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መልሶ ማነጋገር። የኒኮቲን ጥማት እጅግ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና። በእኛ አካባቢ ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ከበርጫ መራቅን ሳይጨምሩ መምከር ከንቱ ድካም ነው።

ከሾፌሩ ጋር ቀን የቆረጥነው በረመዳን ዋዜማ ነበር። «ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ያለ ሲጃራ የሚውሉ ሰው አልችልም ሊሉ አይገባም» ብዬ ስነግረው ሳቀ። ማታ ማታ በስልክ እየደወልሁ ጠየቅሁት። በጾሙ አጋማሽ አንድ ሌሊት ወደቀ፤ በማግሥቱ ተነሣ። ይኸው አሁን ያለ ሲጃራም ያለ ዕቃውም ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ነገ እንደማይመለስ ዋስ ልሆንለት አልችልም። ነገር ግን የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለሃምሳ ዓመት የተከታተለው የሪቻርድ ዶል ጥናት እንዳሳየው፣ አጫሽ በአማካይ ከዕድሜው አሥር ዓመት ሲያጣ በሃምሳ ዓመቱ የተወ ስድስቱን፣ በስልሳ የተወ እንኳ ሦስቱን ያህል ያስመልሳል። ለዚህ ሰው የምንታገልለት እነዚህን ዓመታት ነው።

ባልደረቦቼ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ልሻገር ወይ ብሎ የሚጠይቀን ሰው በእርግጥ የሚነግረን መተው እንደሚፈልግ ነው። ስለ ዕቃው እውነቱን እንንገረው፤ ነገር ግን እውነቱን ነግረን ብቻውን አንሸኘው።