ለትንሿ ካሜራ የሚስማማ ፊልም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶግራፍ በሚያነሣበት በዛሬው ዘመን ስለ ፊልም መናገራችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ ሠላሳ ስድስት ሥዕል ብቻ ስለሚሰጥ፤ ተማሪ ጣቱን ከማሠራቱ በፊት ዓይኑንና አሳቡን እንዲያሠራ ያስገድደዋል። ባለ ትልቅ ካሜራ የሌንሱን ቀዳዳና የመዝጊያውን ፍጥነት እንደ ብርሃኑ ይለዋውጣል። ትንሿ የኪስ ካሜራ ግን ይህን ሥልጣን አትሰጠንም። እንግዲህ በእጃችን የቀረው ዋና ምርጫ ፊልሙ ነው።

በፊልም ሣጥን ላይ 100፤ 200 ወይም 400 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ ፊልሙ የሚፈልገው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ ሁልጊዜ ትልቁን ብንገዛስ? የሚል ይኖራል። ትልቁ ቁጥር ሥዕሉን አሸዋ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል።

ሒሳቡን እንመልከት። በብዙ ርካሽ ካሜራ ቀዳዳው በ8 ቁጥር፤ ፍጥነቱም በሰኮንድ 1/125 ገደማ የተወሰነ ነው። በጠራ ፀሐይ ለ100 ፊልም በዚሁ ፍጥነት 16 ቁጥር ይበቃዋል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ብርሃን ይገባል፤ በ400 ፊልም ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ባለ ቀለም ነጋቲቭ ትርፍ ብርሃንን በብዙ ይታገሣል፤ ስላይድ ግን አይታገሥም። እንግዲህ ከሳንቃበር ወዲያ ያለውን ገደል በቀትር ለሚያነሣ 100 ወይም 200 ነጋቲቭ እንመክራለን። ለክረምት ጉም፤ ለማለዳና ለጥላ ግን 400 ይሻላል። ዋልያን ከሩቅ ለማንሣት ፊልም አታባክኑ፤ የትንሿ ካሜራ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ዋልያው ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የሰው ፊት ነው። በደባርቅ ወይም በዳባት ገበያ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት በፀሐይ ቆመው ሲነሡ፤ ብርሃን የምትለካ ካሜራ በጋቢው ንጣት ተታልላ ብርሃኑን ትቀንሳለች፤ ፊታቸውም ይጨልማል። ነጋቲቭ ትርፍን እንጂ ጉድለትን አይወድም። ደግሞም የውጭ አገር ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ቀለም ያስተካክሉ የነበረው በነጭ ሴት ፎቶግራፍ እየለኩ ነበር፤ ስለዚህ የእኛን ፊት አጥርቶ ማውጣት የአንሺው ኃላፊነት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ 400 ፊልም ጐርሳችሁ አባታችንን በአክብሮት ወደ ዛፍ ጥላ ጋብዟቸው፤ ቀረብ ብላችሁም አንሧቸው። ያ ሥዕል ለልጅ ልጆቻቸው የሚቀር ብቸኛ መታወሻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም፤ ከጎንደር በአውሮፕላን የሚሄድ ጓደኛችን ፊልሙን ከሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ አይክተት፤ የመመርመሪያው ጨረር ያልታጠበ ፊልም ያበላሻልና። በእጁ ይዞ በዓይን እንዲታይለት ይለምን።

የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሟል፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ተራራችንን ዓለም ብዙ ጊዜ አንሥቶታል። የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ፊት ግን እኛ ካላነሣን ማን ያነሣልናል? ስለዚህ ፊልም ስትገዙ ከዋጋው አስቀድማችሁ «ማንን ነው የምናነሣው? በምንስ ብርሃን?» ብላችሁ ጠይቁ።