ሁለት ሸክላ፣ አንድ ምት



ዛሬ የማነሣው ነገር ከጭፈራ ቤት የመጣ ነው፤ ዳሩ ግን የሙያችንም ጉዳይ ነው። ዲጄ አንዱ ሸክላ ሳያልቅ ሁለተኛውን ሲያስገባ፣ ጨፋሪው እርምጃውን እንዳይስት የሁለቱ ምት መግጠም አለበት። የመጀመሪያው በደቂቃ 124፣ ተከታዩ 120 ምት ቢኖረው፣ ተከታዩን 3.3 በመቶ ያህል ማፍጠን ያስፈልጋል።

ሞተሩ ሳህኑን በቺንጋ በሚያዞርበት ማጫወቻ ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ሸክላው በእጅ ተይዞ ሲለቀቅ ፍጥነቱን ለማግኘት ይዘገያል። የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ ያዞር ነበር። በ1979 የወጣው ማርክ 2 ደግሞ ፍጥነቱ በኳርትዝ የጸና፣ በማንሸራተቻም እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ የሚል ሆነ።

ሆኖም መሣሪያው አይሰማም፤ የሚሰማው ሰው ነው። የ0.1 በመቶ ስሕተት ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን ምቶች በ0.06 ሴኮንድ ያራርቃቸዋል፤ የሠለጠነ ጆሮም ይህን ይለየዋል። ጀማሪው ሸክላውን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ምቱም ለጊዜው ይገጥማል። ያቃናው ግን ቦታውን እንጂ ፍጥነቱን ስላልሆነ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። የበሰለው ዲጄ በጆሮ ማዳመጫው የትኛው እንደሚቀድም ይለያል፤ በጣቱ ቦታውን፣ በማንሸራተቻው ፍጥነቱን ያርማል።

መሐንዲስም እንዲሁ ነው፤ የጉድለቱን ምልክት ብቻ የሚያቃና ሲጠግን ይኖራል፤ መንሥኤውን የሚያቃና ግን እጁን አንሥቶ ያዳምጣል።