ሲቀበሉን ያወቁን፣ ሲመልሱ «ማን ናችሁ?» አሉን!
(ባሕር ዳር ላይ ነጋዴዎች በተወያዩበት ስብሰባ ካደረግሁት ንግግር)



እኔ ከጣና ዳር ቆሮሶና አምባዛ ተረክቤ ለድርጅቶች የማቀርብ ነጋዴ ነኝ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ሳቀርብ ገዢው 2 በመቶ እየቀነሰ ለመንግሥት ያስገባ ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ ከሰርኩ፤ የተቀነሰብኝ ካለብኝ ግብር በለጠ። «ትርፉን መልሱልኝ» ብዬ አመለከትኩ።

ምን ተባልኩ? «የስምህ ፊደል አይገጥምም!» በቀበሌ መታወቂያዬ ስሜ በሃሌታው «ሀ» ተጽፏል፤ በግብር ከፋይ መለያዬ ግን በብዙኃኑ «ኀ»። ቀበሌ ስሄድ «ነገ ና»፤ ደብዳቤው ሲደርስ «ማኅተሙ አይነበብም»። ወራት አለፉ።

ወገኖቼ፣ ማጣራቱን አልቃወምም። በሰው ስም ገንዘብ የሚያወጣ ሌባ ሞልቷል። ግን ገንዘቤን ሲቀበሉ ያልታያቸው «ሀ» ሲመልሱ ከየት መጣ? ለመለያ ቁጥሩ አሻራዬን ሰጥቻለሁ። ለፋይዳም አሥር ጣቴንና የዓይኔን ብሌን ሰጥቻለሁ። ፊደል ቢሳሳት ጣት ይሳሳታል እንዴ?

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ብልጫው ለከፋዩ በ90 ቀን ውስጥ ይመለስ ይላል። እኛ ስንዘገይ ወለድና ቅጣት አለብን። እነሱ ሲዘገዩስ? ዓሣ ቢያድር ይሸታል፤ ብር ቢያድር ይረክሳል!

ጥያቄዬ አጭር ነች፦ አሻራችን በእጃችሁ ነው፤ እሱን አስተያዩ። የጸሐፊ ስሕተት የኛ ዕዳ አይሁን።